«በዓይኔ» ስላችሁ «ዝቅተኛ» ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ

ለአነስተኛና ጥቃቅን ንግዶች ሥልጠና፣ ምዘናና ብድር ለምትሰጡ ቢሮዎችና ተቋማት በሙሉ፦

ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ስድስት ጠረጴዛ፣ አራት ሠራተኛ፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ። ሀብታም አላደረገችኝም፣ ሰውም ፊት አላሳፈረችኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም። አንድ ቃል ስላናደደኝ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ መዛኝ መጣ። የመጣበትን መሥሪያ ቤት አልጠራም። ልጁ ጨዋ ነው፣ ቅጹንም የሠራው እሱ አይደለም። ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ ነበር፤ ቁርስ አልቆ ምሳ ያልደረሰበት፣ ቤቱ ጭር የሚልበት ሰዓት። የንግድ ፈቃድ አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ መጸዳጃ ቤቱን አየ። ከዚያ አንድ ጥያቄ አነበበልኝ፦ «የዕለት ተዕለት የሥራ ውሳኔ የሚሰጠው በምን መሠረት ነው?»

«በዓይኔ» አልኩት።

ፈገግ ብሎ ጻፈ። እኔም አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁት። «ዝቅተኛ» ይላል።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቃሉ ስለከበደኝ ብቻ አይደለም። ልጁ ግማሽ እውነት እንዳለው ስለማውቅ ነው። ስለ እሱ ግማሽ ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ «በዓይኔ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዓርብ ጠዋት የምትበሉት እንጀራ ዓርብ አይወሰንም። ጤፉ ማክሰኞ ማታ ይቦካል። ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት አብሲት ይጣልበታል፣ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ስለዚህ የዓርብ ደንበኛ ስንት እንደሚሆን እኔ የምወስነው ማክሰኞ ማታ፣ እጄ በዱቄት ተለውሶ ነው። የምታቦካው ሴትዮ በእድሜ ትበልጠኛለች፣ ግን «እትዬ» ነው የምትለኝ። «እትዬ፣ ስንት ኪሎ ልስፈር?» ትላለች፣ ጣሳውን ይዛ። መልሱ አሁን ነው የሚፈለገው። ስብሰባ የለም፣ ቃለ ጉባኤ የለም።

በዚያች ደቂቃ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ልዘርዝር። ዓርብ ጾም ነው፣ በያይነቱ ይበዛል፤ በያይነቱ ደግሞ ከጥብስ ይልቅ እንጀራ ይፈጃል። ወሩ ስንት ነው? ደመወዝ ከወጣ ሰው ወጥቶ ይበላል፤ ወሩ ሲያልቅ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይመጣል። ማዶ ያለው ሕንፃ ላይ የኮንክሪት ሙሌት አለ ወይ? ካለ የቀን ሠራተኞቹ በእጥፍ ይሆናሉ። ረመዳን ገብቷል? ከገባ ምሳ ላይ የማውቃቸው ፊቶች ይቀንሳሉ፣ አመሻሽ ላይ ግን ሳምቡሳ ካላዘጋጀሁ ራሴን ነው የምጎዳው። መብራትስ? ባለፈው ሳምንት ዓርብ ጠፍቶ ነበር። አንድ ምጣድ በከሰል ላድርግ?

ይሄ ሁሉ «በዓይኔ» ውስጥ አለ። ቅጹ ላይ ግን ለዚህ የተተወው ቦታ አንድ መስመር ነው።

አሁን ወደ ምዘናው ጉዳይ ልግባ። የሆቴል ንግድ ውሳኔ ሁለት ዓይነት ስህተት አለው። ወይ አብዝተህ ሠርተህ ይተርፍሃል፣ ወይ አሳንሰህ ሠርተህ «አልቋል» ትላለህ። መዛኝ ሲመጣ ሁለቱንም እንደ ጥፋት ይጽፋቸዋል። የተረፈውን ካየ «ብክነት»፣ ያለቀውን ካየ «የአቅርቦት እጥረት»። ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። የትኛው ስህተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ሳይታወቅ ውሳኔው ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ማለት አይቻልም።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ይማራል። አንድ ቀን እዚህ ቁጭ ብሎ ስነጫነጭ ሰማኝና «አክስቴ፣ ይሄማ የጋዜጣ ሻጭ ችግር ነው» አለኝ። ለካስ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በጋዜጣ ሻጭ ስም የሚጠራ ጥያቄ አለ። ሻጩ ጠዋት ጋዜጣ ይረከባል፣ ስንት እንደሚሸጥ አያውቅም፣ ማታ የተረፈው መጠቅለያ ነው። ስንት ይረከብ? ፒያሳ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ያደገ ሰው መልሱን ሳይማር ያውቀው ነበር ብዬ አሰብኩ።

ልጁ በናፕኪን ላይ አሠራኝ። አንድ ሰሃን ሽሮ በእንጀራ ብሸጥ፣ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 50 ብር ይቀረኛል እንበል። እንጀራው ሳይሸጥ ቢያድር ደግሞ ጠዋት ፍርፍር ይሆናል፤ ስለዚህ የምከስረው ብዙ አይደለም፣ 5 ብር እንበል። የማተርፈውን 50 ለትርፉና ለኪሳራው ድምር፣ ለ55፣ ማካፈል ነው። ከ11 ቀን በ10ሩ እንጀራ እንዲበቃኝ አድርጌ መጋገር አለብኝ ማለት ነው። በየቀኑ ትንሽ እንጀራ ቢተርፈኝ ጤና ነው። ፍርፍርን ያገኘች ሴት፣ ማንም ትሁን፣ ሒሳብ አዋቂ ነበረች።

ማክሰኞ ጥብስ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ጥብስ ብሸጥ 120 ብር አተርፋለሁ እንበል። ሥጋው ካደረ ግን ነገ ረቡዕ ነው። ጾም ነው። ሐሙስ እስኪደርስ ፍሪጁም መብራቱም መታመን አለባቸው፣ ሁለቱም አይታመኑም። ኪሳራው ያው 120 ነው እንበል። 120ን ለ240፤ ግማሽ። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ከሁለት አንዴ «ጥብስ አልቋል» ብል ልክ ነኝ! ደንበኛው ቢያኮርፍም፣ መዛኙ «እጥረት አለ» ብሎ ቢጽፍም ልክ ነኝ። (ያኮረፈው ሰው ዳግመኛ ላይመጣ እንደሚችል ናፕኪኑ አያሰላም፤ ስለዚህ እኔ ትንሽ ጨምሬ ነው የምገዛው። ይቺም በዓይን ናት።) ያው ሥጋ ቅዳሜ ሲሆን ሌላ ሒሳብ ነው፤ ነገ እሑድ ነውና።

አንዱን ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ማክሰኞ ያየው መዛኝና ቅዳሜ ያየው መዛኝ ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነው የሚጽፉት። የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የፍልሰታ 15 ቀን፣ ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት 50 ቀን፤ እነዚህ ለኛ የገበያ ወቅቶች ናቸው። በ2009 ክረምት ለግብር የወጣው የቀን ገቢ ግምት በየከተማው ያስነሳውን አቤቱታና የሱቅ መዝጋት ታስታውሳላችሁ። ያኔ «ደረጃ ሐ» የምንባለው፣ በዓመት ከ500 ሺህ ብር በታች የምንሸጠው፣ ደብተር ስለማንይዝ በዓይን ነበር የምንገመተው። እኔ ጋ ገማቾች የመጡት በዚያች በሃምሳው ቀን ውስጥ፣ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሰው ቆሞ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ያችን ቅዳሜ በዓመት አባዟት። «በዓይኔ» ማለት ዝቅተኛ ከሆነ፣ የእናንተም ዓይን ያን ጊዜ ከኔ አልተሻለም ብል አትቆጡኝም።

ሌላ የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። ውሳኔን በውጤቱ መፍረድ። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ፣ ሁለቱም የራሴ ናቸው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። ሰፈሩ ሁሉ ዘይት ዘይት አለ። እኔም ደነገጥኩ። በእጄ የነበረውን ገንዘብ ጠራርጌ ባለ 20 ሊትር ዘይት ገዛሁ፣ አምስት ጀሪካን። ኋላ ዋጋው ሲወጣ ሁሉም «አንቺማ ጎበዝ፣ አርቀሽ ታያለሽ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፦ ምንም አላየሁም። የሠራተኞቹን ደመወዝ ነው ዘይት ያደረግኩት። ወር ሲሞላ ከጎረቤት ባለ ሱቅ ተበድሬ ከፈልኩ። እሱ ባይኖረው ኖሮ የምታቦካውን ሴትዮ አጥቼ፣ ዘይት ታቅፌ እቀር ነበር። መጥፎ ውሳኔ፣ ጥሩ ዕድል።

ሁለተኛው እንዲህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ የ40 ሰው ምሳ አዘዘኝ። ግማሹን ቀብድ ስጡኝ አልኩ። «እኛ ቢሮ ነን፣ ክፍያ ከሰነድ በኋላ ነው» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ተውኩት። ከታች ያለችው ባለ ምግብ ቤት ወሰደችው፣ ሠራች፣ በወሩ ተከፈላት። ለሁለት ሳምንት መሳቂያ ሆንኩ። ባለቤቴ ራሱ «ፈሪ ነሽ» አለኝ። እኔ ግን ያን ቀን በእጄ የነበረው የሦስት ቀን መግዣ ብቻ ነበር። ክፍያው ሁለት ወር ቢቆይ በሬን እዘጋለሁ። ዛሬም ያው ጥያቄ በያው ኪስ ቢመጣ ያንኑ እመልሳለሁ። እሷ ያላት ኪስ ይበልጣል፤ ለሷ መውሰዱ ልክ ነበር። አንድ ዓይነት ትዕዛዝ፣ ሁለት ትክክለኛ መልስ።

በእናንተ ቅጽ ግን የመጀመሪያው «የገበያ ሁኔታን ቀድሞ መረዳት» ይባልና ነጥብ ያሰጠኛል። ሁለተኛው «የገበያ ዕድልን አለመጠቀም» ይባላል።

አሁን መዛኙ ወዳለው ግማሽ እውነት ልመለስ።

ያን ቀን ከተናደድኩ በኋላ ሱቅ ሄጄ አንድ ወፍራም ደብተር ገዛሁ። ማታ ማታ፣ ሊጡ ሲቦካ፣ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ምን ወሰንኩ፣ ለምን ወሰንኩ፣ ምን ያህል እጠብቃለሁ። ቀኑ ሲያልፍ ከሥሩ የሆነውን እጽፋለሁ። በጣም ቀላል ነው። አንዳንዱ ገጽ የወጥ ጠብታ አለበት።

የመጀመሪያው ወር አሳፈረኝ። ትልቁ ውርደቴ ዱቤ ነው። ለማን ዱቤ እንደምሰጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ በዓይኔ ነበር የምወስነው። ከረባት ያሰረ፣ በመኪና የመጣ፣ «ወይዘሮ» ብሎ የጠራኝ ሰው ይበላና ያስመዘግባል። አቧራ ለብሰው ከሕንፃው ለሚመጡት ግን ፊቴን አጠቁር ነበር። ደብተሩ ምን አሳየኝ? የቀን ሠራተኞቹ ቅዳሜ ማታ፣ ገንዘባቸውን እንደተቀበሉ፣ ወደ ቤት ሳይሄዱ መጥተው ይከፍላሉ። ባለ ከረባቶቹ «ነገ፣ እማዬ» እያሉ ሁለት ወር ያልፋል። አንዱማ አሁን በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ስንት ዓመት ሙሉ ዓይኔ ልብስ ነበር የሚያየው።

ሁለተኛው ያገኘሁት ነገር «የለም» ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ የሸጥኩትን ይጽፋል። «የለም» ብዬ የመለስኩትን ሰው አይጽፍም። ስለዚህ አስተናጋጇን «የለም ባልሽ ቁጥር እዚች ካርቶን ላይ አንድ ጭረት» አልኳት። በሳምንቱ ካርቶኑን ሳየው አብዛኛው ጭረት ምግብ አልቆ አይደለም። ዝርዝር ጠፍቶ ነው! ጠዋት ጠዋት ሻይና ፓስቲ የሚፈልግ ሰው 200 ብር ይዞ ይመጣል፣ እኛ መልስ የለንም፣ ይሄዳል። በቃ፣ ለመቶ ምናምን ብር መልስ ቁርስ በር ላይ ይመለሳል። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ነገሩ ቀሏል፤ ጠዋት ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግን ያው ነን።

ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ፈልጎ አንድ ነገር አነበበልኝ። ኬንያ ውስጥ ተመራማሪዎች ትናንሽ ነጋዴዎችን ተከታትለው ነበር። ነጋዴዎቹ ዝርዝር ባለመያዛቸው ብቻ ከትርፋቸው ከ5 እስከ 8 በመቶ ያጡ ነበር። የበለጠ የገረመኝ ቀጣዩ ነው፦ ስለ ዝርዝር ደጋግሞ መጠየቁ ብቻ ነጋዴዎቹን አስነቅቶ የሚያጡትን ሽያጭ ቀነሰው። ያለ ብድር፣ ያለ ማሽን። ካርቶኔን ሳየው የኔም ያው ነው። አሁን ማታ ማታ ለጠዋት የሚሆን ዝርዝር ለይቼ በጣሳ አኖራለሁ። ታክሲ ረዳቶች ጎበዞች ናቸው፣ ከነሱ ነው የምዘረዝረው፤ በምትኩ ሻይ በነጻ።

ስለዚህ መዛኙ ልክ የነበረው እዚህ ላይ ነው። ዓይን ያልተፈተነ እንደሆነ ያታልላል። ልጁ «ዝቅተኛ» ከሚል ይልቅ «ትናንት ዓይንሽ ምን አለሽ? የሆነውስ ምንድን ነው?» ብሎኝ ቢሆን ያን ጊዜውኑ ደብተር እገዛ ነበር።

ሥልጠናችሁንም ወስጃለሁ። ሦስት ቀን፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ምሳና ሁለት ሻይ ጋር። የንግድ ዕቅድ አጻጻፍ፣ የሒሳብ መዝገብ፣ ጠንካራና ደካማ ጎን። ሰርተፊኬቱ ግድግዳዬ ላይ አለ። አሠልጣኙን አልወቅስም፣ ያወቀውን አስተማረ። ግን ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር ፈትነውት ነበር። ለአንዱ ቡድን የተለመደውን የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ሰጡ። ለሌላው ቡድን ቀላል ልማዶችን ብቻ አስተማሩ፦ የቤትና የንግድ ገንዘብ በተለያየ መሳቢያ ይቀመጥ የሚል ዓይነት። ለውጥ የታየው በሁለተኛው ቡድን ላይ ነው። እኔ እናቴ ይህንኑ ነግራኝ ነበር፣ «የጉሊቱን ብር ከመቀነትሽ አትቀላቅይ» ብላ። እሷ ሰርተፊኬት አልሰጠችኝም።

እንግዲህ ምን እንድታደርጉ ነው የምፈልገው? ብዙ አይደለም። ስትመዝኑን በአንድ ቀን አትመዝኑን። ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ጾምም ፍስክም ያለበት ይሁን። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሳይሆን ውሳኔው በሚሰጥበት ሰዓት ኑ። ዳቦ ቤት ሌሊት ነው የሚወሰነው፣ አትክልት ነጋዴ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚወሰነው። አትክልት ተራ በ2012 ከፒያሳ ተነስቶ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድ፣ በየቀኑ መግዛት ወይስ በሳምንት ሁለቴ መግዛት የሚለው ሒሳብ ለስንቶቻችን እንደተቀየረ የጠየቀን ሰው አላየሁም። ያ ትልቁ ውሳኔያችን ነበር። ቲማቲም ሦስት ቀን ማስቀመጥና በየቀኑ የጭነት ሒሳብ መክፈል፤ የትኛው ይሻላል?

ብድር የምትሰጡም እንዲሁ። የንግድ ዕቅድ ጻፊ ስትሉኝ ቅጂ ቤት ሄጄ በጥቂት ብር አስጽፋለሁ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ እናንተም ታውቃላችሁ። የጎረቤቴ የውበት ሳሎን ዕቅድና የኔ ምግብ ቤት ዕቅድ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ቃል አይለያዩም። ይልቅ የወጥ ጠብታ ያለበትን ደብተር ጠይቁ። ምን ጠብቃ ነበር፣ ምን ሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን ቀየረች? የተሳሳተ ግምት ያለበት ገጽ ቢበዛም አትደንግጡ። ሁልጊዜ ልክ የሆነ ደብተር ካያችሁ ግን እሱን ተጠራጠሩት። ነገሩ ካለፈ በኋላ የተጻፈ ነው።

ከቅጻችሁ ውስጥም አንዲት መስመር ቀይሩልኝ። «ውሳኔ የሚሰጠው በምን መሠረት ነው?» የሚለውን አንሡና «ባለፈው ሳምንት የወሰኑትን አንድ ነገር ይንገሩን፤ ያኔ ምን ያውቁ ነበር?» በሉት። መልሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ለመዛኙ ሻይ አፈላለታለሁ።

ከፈለጋችሁ ከኔ ቤት ጀምሩ። ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ኑ። ጣሳው ይያዛል፣ ስንት ኪሎ እንደሚቦካ እንወስናለን። እናንተም ግምታችሁን በደብተሩ ላይ በስማችሁ ጻፉ፣ እኔም እጽፋለሁ፣ የምታቦካዋም ሴትዮ የራሷን ትናገርና እጽፍላታለሁ። ዓርብ ማታ ተመልሳችሁ ኑ፣ አብረን እንከፍተዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት
አዲስ አበባ